የጃፓን መንደር ፎቶ

ከጃፓን ሥልጠና የተመለሰው አለቃ የካዛንቺሱን ቢሮ ሠራተኞች ሰብስቦ፣ አስጎብኚ ይዟቸው ስለዋለባት የባሕር ዳርቻ መንደር ይተርክ ነበር። ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። «ቤተ መቅደሱ አራት መቶ ዓመት ሆኖታል! ማለቴ፣ ሰዎቹ ታሪካቸውን ያከብራሉ። ዓሣውን ደግሞ በጥሬው! በቃ፣ አፍ ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል» አለና ሁለት እስክሪብቶ በጣቶቹ ይዞ አበላሉን አሳያቸው። ጥግ የተቀመጠችው የዕቅድ ክፍል ሠራተኛ ከንፈሯን አጣመመች። እታች ካለው ቁርጥ ቤት በገቡ ቁጥር «ኮሶ ያስይዛል» እያለ ጥብሱን ከሰል እስኪመስል የሚያስጠብስ ሰው፣ ዛሬ የጥሬ ሊቅ ሆኖ አረፈው! የጃፓኑን ሥልጠና ማመልከቻ የጻፈችው እሷ፣ ፈተናውን ያለፈችው እሷ፤ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ነው «ኃላፊ ቢሄድ ይሻላል» የተባለው።

ፎቶው እጇ ሲገባ፣ ለወጉ ያህል አይታ ልታሳልፈው ነበር። አለቃዋ ጫማውን አውልቆ፣ ሰሌን ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ የመብያ እንጨቶቹን ከፍ አድርጎ ይስቃል። ሌሎቹ ያዩት ሳቁን ነበር። እሷ ግን ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የተሳታፊ ባጅ አነበበች። በደማቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሚስ ለተገብርኤል» ይላል። የራሷ ስም ነው።

«አሳልፊው እንጂ!» አላት ጎረቤቷ።

እሷ ግን ተነሥታ ፎቶውን አለቃዋ ፊት አስቀመጠችና ጣቷን ባጁ ላይ አሳረፈች።

«ለካ ሄጄ ኖሯል» አለችው። «ጋሼ፣ ዓሣው ተስማምቶኝ ነበር?»