ትንፋሽ የሚወስደው መሣሪያ

ነዚፋ የኖታውን መጽሐፍ እንደ ፈታኝ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘች። ልጇ ነጅዋ ነገ የሙዚቃ ፈተና አለባት፤ ኦርኬስትራ ሲጫወት አድምጣ ዜማውን የያዙትን መሣሪያዎች መለየት አለባት። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ፣ በየመስመሩ ጠርዝ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ነዚፋ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ገና ባለፈው መስከረም፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ነው። በፖስታ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ከእጇ ተቀብላ የምታነብላት ነጅዋ ናት። በልጇ ፊት አንዲት ቃል አንብባ አታውቅም።

ነጅዋ ሲዲውን ለአምስተኛ ጊዜ ፖዝ አደረገችው። «ቫዮሊን ብቻ ነው፣ እማ።»

«አይደለም። ከሥሩ ሌላ አለ።»

«አይተሽ ነው?»

«ሰምቼ። አንዱ መሀል ላይ ትንፋሽ ወሰደ። ቫዮሊን ይተነፍሳል እንዴ?» ወሎ ሳለች መንዙማ ሲባል ከተቀባዮቹ ጋር የምትገባው የመሪዋን ትንፋሽ ጠብቃ ነበር፤ ጆሮዋ ያንን አልረሳም።

ነጅዋ መልሳ አጫወተችው። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና ፈገግ አለች። «ኦኬ፣ እውነትሽን ነው። ግን የቱ ነው? ስሙ ምን ይላል?»

ነዚፋ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጣቷን ከቃሉ ሥር አሳረፈች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። «ክ... ክላ...» አለችና ቆመች። ነጅዋ እጇን አልዘረጋችም። ሲዲውን አጥፍታ ጠበቀች።

«ክላ... ሪ... ኔት።»

ነጅዋ እርሳሷን አነሣች። መጽሐፉን ሳታይ ጻፈችው።