ከሱቁ ጀርባ ያለች ክፍል

ሕዝቅያስ ከሰበታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው መስከረም ላይ ነው። ያኔ ሚስቱ ተስፋነሽ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ልጃቸው ኤዶምም ሁለት ወር ሞላት። የቀረው እናትና ልጅ ሄደው አባትየውን መቀላቀል ነው።

«የት ነው የምንኖረው?» ብላ በቴሌግራም ጻፈችለት።

በሁለተኛው ቀን ሁለት ፎቶ መጣላት። አንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው፤ ሌላው ሣር የለበሰ ግቢ ያለው ቤት። «የወደድሽውን ምረጪ» ይላል።

ፎቁን ገና ስታየው ጠላችው። ልጅ አዝሎ አራት ፎቅ መውጣት ምን የሚሉት ጣጣ ነው! ግቢውስ ያምር ነበር፤ ግን ሦስት መኝታ ቤት አለው። ለባልና ሚስት ሦስት መኝታ? ነገሩ ሸተታት።

ነገር የገባት ራህመት አራስ ልትጠይቅ የመጣች ዕለት ነው። እሷና ተስፋነሽ አንድ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት።

«ድምፁን ካሰማሽ ስንት ጊዜው ነው?» አለች ራህመት።

«ከጥምቀት ወዲህ የለም። ስልኩ ተበላሽቶ ነው፤ ግን በአዲስ ቁጥር ይጽፍልኛል።»

«አንቺ ደግሞ የዋህ ነሽ! ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል። ይሄኔ አንዷን ይዟል።»

ከዚያ በኋላ ተስፋነሽ እንቅልፍም አላገኘች። ድሮ «ማሚቱ» ነበር የሚላት፤ አሁን እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ተስፋነሽ» እያለ ይጽፋል። ልጅ ተወለደች ስትለው «ጌታ ይመስገን» ብሎ ዝም። ስም አውጣላት ብትለው «አንቺ አውጪላት» አለ። ልቡ ሌላ ቤት የገባ ሰው ካልሆነ በስተቀር የገዛ ልጁን ስም ማን ለሌላ ይተዋል?

የባሏ ታላቅ ወንድም ዘርሁን ቡራዩ ግንበኛ ነው። ሁልጊዜ እሑድ ከቸርች መልስ ይጠይቃታል። ያን እሑድ ምሳ አቀረበችለትና ሳታቅማማ ጠየቀችው።

«ወንድምህ ሴት ይዟል፣ አይደል?»

«ሕዝቅያስ ካንቺ ሌላ ሴት አያውቅም» አለ ዘርሁን፣ መሬት መሬት እያየ።

«ዓይኔን እያየህ ንገረኛ!»

የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተነሣ። በእሑድ ምድር! ወንድሙን እየሸፈነለት እንደሆነ ገባት።

እሷም ዘዴ ፈጠረች። ሕዝቅያስ ሄዶ ያረፈው በሚሠራበት ሱቅ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቪዲዮ አሳይቷታል፤ አንድ አልጋና አንድ ምድጃ ብቻ ናት። እዚያ ውስጥ ሴት መደበቅ አይቻልም።

«ፎቁም ግቢውም ይቅርብኝ» ብላ ጻፈች። «ከሱቁ ጀርባ አብሬህ እኖራለሁ።»

መልሱ ማታ መጣ። «እዚያ በፍጹም አይሆንም። ያቺን ክፍል እርሻት።»

ደሟ ፈላ። ሴትዮዋ እዚያው ናት ማለት ነው! ወዲያው ዘርሁን ጋ ደወለች።

«ሽማግሌ ይዘህ ና! በሰው ፊት ይለይልን!»

«እሺ» አለ ዘርሁን።

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሯ ተንኳኳ። ዘርሁን ነው፤ ከቸርቿ ፓስተርና ከሰፈሩ ዕድር ዳኛ ከኦቦ ለታ ጋር። አከራይዋ እትዬ ማሪቱም ነጠላቸውን እንደያዙ ከኋላ ቆመዋል። ይሄን ሁሉ ሰው ስታይ ነገሩ እንደተያዘላት ቆጥራ ልቧ ተጽናና።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ለታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይግቡ ኦቦ። ይግቡ ፓስተር። እትዬ፣ እርስዎም ይግቡ።» ኤዶምን እንዳቀፈች ወንበር ሳበችላቸው፤ የተቀመጠ ግን የለም። የተዘጋጀችበት ቁጣ ሁሉ በንና ጠፋ። «እኔ ቂም የለኝም። ከዚያች ሴት ወልዶም ቢሆን ይቅር እለዋለሁ። ቤትም አላማርጥም፣ የትም ይሁን። ብቻ አንዴ ድምፁን ያሰማኝ።»

እትዬ ማሪቱ ጠጋ አሉና «እስቲ ልጅቷን ለኔ ስጪኝ» ብለው ኤዶምን ከእቅፏ ወሰዱ።

«ተስፋነሽ» አለ ዘርሁን፣ «ከጥምቀት ወዲህ በሱ ስም የምጽፍልሽ እኔ ነኝ።»