የመጨረሻው ዘፈን ሳግ

ዘፋኙ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጥርሱን ያፋጫል። የአልበሙ ሠላሳኛ ዓመት ይከበራል ተብሎ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መድረክ መሪው አሁንም ያንኑ የፈረደበትን ታሪክ ጀመረ።

«በመጨረሻው ዘፈን ላይ የምንሰማው ሳግ የእናት ሐዘን ነው! እናቱን ቀብሮ፣ ከለቅሶ ቤት በቀጥታ ስቱዲዮ ገባ!»

ጉንፋን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጋዜጠኛውም ለአድናቂውም «ኧረ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ቢል የሚሰማው አላገኘም፤ «ሐዘኑን መቀስቀስ ፈርቶ ነው» እያሉ ከንፈር ይመጡለታል። ዛሬም እጁን አወጣ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ስሜትዎን እንረዳለን» አለ መድረክ መሪው፤ ማይክሮፎኑን ግን አልሰጠውም። «ክቡራትና ክቡራን፣ ለእኚያ እናት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። እሱ በንዴት እንደተቀመጠ ቀረ።

አንድ ክርን ጎኑን ጎሸም አደረገው። ቀና ሲል፣ ጆሯቸው የደከመው እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ያንሾካሾኩ መስሏቸው፣ ጸጥ ባለው አዳራሽ ጮኹ።

«ተነሣ እንጂ! ሰው ለሙት ሲቆም አንተ ትጎለታለህ? ማን እንደሞተ ኋላ ትነግረኛለህ።»