ኦቦ ገርባ እንግሊዝኛ ሲጠብቁ

የሰበታው ኦቦ ገርባ ወጣት አስተማሪ ቤታቸው እንዲገባ የፈቀዱት ቸግሯቸው ነው። ልጃቸው ድንቅቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል፤ ሌላው ትምህርት እንደ ውሃ ቢፈስላትም የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ግን አልገባ ብሏታል። ሚስታቸው ደግሞ ስትሞት «ልጄን ሳትማር እንዳትድራት» ብላ አስምላቸው ነበር። ኦቦ ገርባ ብዙ ጉድለት ይገኝባቸው ይሆናል እንጂ መሐላ አይበሉም።

ስለዚህ መምህር ደቻሳ እሁድ እሁድ እየመጣ እንዲያስጠናት ተፈቀደለት። ክፋቱ፣ ሰውየው ሠላሳውን አልፎ ገና አላገባም። ጫማው ይወለወላል፣ ፀጉሩ ይቀባል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት ኦቦ ገርባ መደቡ ላይ በአስተማሪውና በልጃቸው መሃል ገብተው ተቀመጡ፤ ከዘራቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ከጀርባቸው ጥግ ይዛ ታናሽ እህታቸው ወርቅቱ ጥጥ ትፈትላለች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ወደ ወንድሟ ተመልሳ ቤቱን የምትይዝላቸው እሷ ናት።

«እያንዳንዱ ቃል በአማርኛ ይነገረኝ» አሉ ኦቦ ገርባ። «በቤቴ እኔ የማላውቀው ነገር አይካሄድም።»

መምህሩ እሺ ብሎ ጀመረ። «እንግሊዞች ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ ድመትና ውሻ ዘነበ ይላሉ።»

«ዋቃዮ! ምን ዓይነት አገር ነው? እኛ ዶፍ ወረደ ብለን እንገላገላለን።»

«ሰው ሲሞት ደግሞ፣ ባልዲውን በእርግጫ መታው ይላሉ።»

«እኛ ነፍስ ይማር ስንል እነሱ ለባልዲው ያዝናሉ!»

«የተደበቀ ነገር ሲገለጥ፣ ድመቷ ከጆንያው ወጣች ነው የሚሉት።»

«አሁንም ድመት! ሌላ ከብት የላቸውም እንዴ?» ኦቦ ገርባ አስተማሪውን ትክ ብለው አዩት። «መምህር፣ እርስዎም ጆንያ ውስጥ ድመት ካለዎት በጊዜ ቢያወጧት ይሻላል።»

ወርቅቱ ሳቋ አመለጣት። አስተማሪው ፊቱ ቀላ። ኦቦ ገርባ ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድንቅቱ ግን አፏን ከፍታ እያዛጋች ነበር። «ተንኮለኛ! እኔን ለማታለል ነው» አሉ በሆዳቸው።

ክትትሉ በየሳምንቱ ጠበቀ። ደቻሳ ሲያስረዳ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አጠገቡ ለተቀመጠች ልጅ ይህን ያህል መጮህ ምን የሚሉት ነው? የቀረበለትን ጠላ አንዲት ጠብታ አያስተርፍም፤ ሲቀዳለትም ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ለአማችነት ማመቻቸት መሆኑን ኦቦ ገርባ ከመቼው አወቁ! ወርቅቱ እንኳ ለእንግዳ ክብር ብላ እሁድ እሁድ አዲሱን ነጠላዋን ትለብሳለች፤ ይህን ሥርዓት አዋቂነቷን ግን ወደዱላት።

አንድ እሁድ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በጣም የሚወዱትን ሰው፣ የዓይኔ ፖም ይሉታል» አለ።

የወርቅቱ እንዝርት ከእጇ አምልጣ መሬት ላይ ተንከባለለች።

«ማነው የሚለው? ለማን?» አሉ ኦቦ ገርባ ከዘራቸውን ጨብጠው።

«ማንም ለማንም፣ ኦቦ ገርባ። ምሳሌ ነው።»

«ፖም የሚባለውን ቀምሼ አላውቅም። በዚህ ቤት ግን ማንም የማንም ዓይን ውስጥ አይገባም!»

ድንቅቱ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ እንደምትገባ ሲሰሙ ኦቦ ገርባ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ሚስታቸው መቃብር ድረስ ሄደውም ነገሯት። በማግስቱ እሁድ ነበር። መምህር ደቻሳ ጫማውን ወልውሎ ከተፍ አለ።

«ፈተናው አለፈ እኮ» አሉት ኦቦ ገርባ ከደጅ።

«ገና ያልተነካ ፈሊጥ አለ» አለ ደቻሳ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አሁንስ ምን ጥርጣሬ ቀረ? ኦቦ ገርባ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አጡ። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ! ለሟች የተማለው መሐላስ?

የፈሩት አልቀረም። በሳምንቱ፣ በፉሪው ኦቦ ነገሳ የሚመሩ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ኦቦ ገርባ ወንበር አቀረቡ፤ እነሱ ግን በወጉ መሠረት፣ ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እንደ ሽማግሌ ደንብም በቀጥታ ወደ ነገሩ አልገቡም። ስለ ዝናቡ አነሱ፣ ስለ ከብቱ ጠየቁ፣ የቤቱን መልካም ስም አመሰገኑ።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ነገሳ በመጨረሻ፣ «ልጃችን መምህር ደቻሳ በዚህ ቤት ዓይኑ...»

«አውቀዋለሁ!» ብለው ኦቦ ገርባ ተንደረደሩባቸው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ! በመሃል የተቀመጥኩት ለምን መሰላችሁ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትማራለች! ለእናቷ ምያለሁ፤ አልሰጥም!»

«ኦቦ ገርባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ነገሩን ገና...»

«ቀስ አልልም! እናንተን የመሰሉ አባቶች ደጄን ረግጣችሁ ባዶ እጃችሁን ብትመለሱ ነውሩ የእኔ ነው። ስለዚህ ከልጄ በቀር ከዚህ ቤት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ጃንሆይ ይሙት፣ እምቢ አልልም!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ኦቦ ነገሳ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከትለው አንድ በአንድ ተቀመጡ።

«እግዜር ይስጥልን፣ ኦቦ ገርባ» አሉ። «እንግዲያው እህትዎን ወርቅቱን ይጥሩልን።»