ለለቅሶ ጥቁሩ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የእጅ ሰዓት የሚያስሩት እንደ ዝግጅቱ ነው። ለሠርግ ሰማያዊ ድንጋዩን፣ ለማኅበር አረንጓዴውን፣ ለለቅሶ ጥቁሩን። «ወርቅማ ማንም ያስራል» ይላሉ። ዐሥራ አንድ የእጅ ሰዓቶች አሏቸው፤ የሁሉም ፊት ጥርብ የከበረ ድንጋይ ነው፤ ቁጥር የሚባል የለበትም። ቢሆንም የእድሩ ሴቶች ሰዓት የሚጠይቁት እሳቸውን ብቻ ነው።

«እትዬ ዘርፌ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ይህን ጊዜ ነጠላቸውን ከክንዳቸው ገለጥ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው፣ ድንጋዩ ከየት አገር ተራራ እንደተፈለጠ ይተርካሉ። ሰዓቱን በግምት ይናገራሉ። «ቅናት እንጂ ሌላ ምን ያስጠይቃቸዋል!» እያሉም በሆዳቸው ይደሰታሉ። አንድ ቀን ብቻ ጠያቂ ጠፍቶ፣ ላገኙት ሁሉ «ዛሬ እኮ ሰዓቱ አልገፋ አለ!» እያሉ ድንኳኑ እስኪፈርስ ከሴቶቹ መሀል ሳይነሱ ውለዋል።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ማልደው ደረሱ። ጥቁሩን አስረዋል። ወደ ድንኳኑ ሊገቡ ሲሉ ከጓሮ የእድሩ ሰብሳቢ የወይዘሮ በላይነሽ ድምፅ ተሰማቸው። ለሴቶቹ የዕለቱን ሥራ እያከፋፈሉ ነው።

«ውሃ መቅዳት፣ ጥሩወርቅ። ወጥ፣ እነ የሺመቤት። ሰሃን ማጠብ፣ እኔ አለሁ። እትዬ ዘርፌን ሰዓት መጠየቅስ? ዛሬ የማን ተራ ነው?»

የድስትና የሰሃን ኳኳታ በረታ።

«የአንቺ መሰለኝ፣ አስካለ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

«እባካችሁ» አለች አስካለ፣ «ሽንኩርቱን ሁሉ ብቻዬን ልክተፈው።»