የሰርቪስ ቤቱ ዋይፋይ

አቶ ምስጋናው ቤታቸው ዋይፋይ ከገባ ወዲህ ከሳሎን መውጣት ትተዋል። ራውተሩ ከወንበራቸው አጠገብ ነው የተቀመጠው። በሆስፒታል የንብረት ክፍል ኃላፊ ስለሆኑ፣ ዕቃ ከዓይናቸው ሲርቅ አይወዱም።

ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በመሆኑ ዋይፋዩ መኝታ ቤት እንኳ በመከራ ነው የሚደርሰው። ግቢው ጥግ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ግን ጭራሽ አይደርስም።

ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የምታድረው ልጃቸው ኤሌኒ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። የአቶ ምስጋናው እናት፣ እማማ እታገኘሁም አብረዋት ይተኛሉ። ለዓይን ሕክምና ከመካነ ብርሃን መጥተው፣ ዓይናቸው ከዳነ በኋላ "ትንሽ ልሰንብት" ብለው የቀሩ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ መስመሩን ወደ እኛ ብትቀጥለው?" አሉ እማማ አንድ ቀን። "ልጅቷ ለትምህርቷ ስትል በሰርቪስ ቤትና በሳሎን መካከል ተንከራተተች።"

"እዚሁ ታጥና። እኔም ልያት።"

"አንተ ቴሌቪዥኑን እያስጮህክ?"

በማግስቱ ወንዴ የሚባል ባለሙያ ተጠራ። ወንዴ ገመዱን በሳሎኑ መስኮት አወጣ፤ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አስደግፎ ግቢውን አሻገረው፤ ሰርቪስ ቤት ውስጥም ሌላ ትንሽ ራውተር ሰቀለ። ሥራውን ሲሠራ ያፏጭ ነበር። ማፏጨቱን አቶ ምስጋናው አልወደዱትም።

"መልክም ያሳያል?" ብለው ጠየቁት እማማ። "ሳይቆራረጥ? ቅዳሴ ልከታተልበት ነው።"

"ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ እማማ።" ወንዴ ለኤሌኒ ፈገግ አለላት። ኤሌኒ መሬት መሬት አየች።

"የየት አገር ልጅ ነህ?" አሉት አቶ ምስጋናው።

"የዛሪማ።"

"አግብተሃል?"

"ኧረ ገና ነኝ፣ ጋሼ።"

ይህንንም አልወደዱትም።

በዚያው ሳምንት እማማ የፊት ጥርስ ካላስተከልክልኝ ብለው ልጃቸውን አስጨነቁ። በሃምሳው ሰው ሁሉ ሥጋ ሲበላ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልመለከት ነው ወይ አሉ። ጥርሱ ተተከለ።

ከሰርቪስ ቤት ሳቅ መሰማት የጀመረውም ያን ሰሞን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ምስጋናው ከማስጫው ላይ ሸሚዛቸውን ሲያወርዱ፣ ከተዘጋው የሰርቪስ ቤት በር ኋላ የወንድ ድምፅ ሰሙ።

"ሸጋ ነሽ እኮ! እስኪ ወደ ብርሃኑ ዙሪ።"

ሸሚዙ ከእጃቸው ወደቀ።

"ኤሌኒ!" ብለው ጮኹ።

ኤሌኒ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ከወጥ ቤት በኩል ብቅ አለች። እንዴት ፈጥና ዞረች! በኋላ መስኮት ወጥታ መሆን አለበት አሉ በልባቸው።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"እኔ? ከማንም ጋር።" ሰርቪስ ቤቱን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

አቶ ምስጋናው ለሚስታቸው ለትዕግስት ጉዳዩን ነገሯት። "ያ ወንዴ ነው። የከተማ ልጅ ቢሆን ሸጋ አይልም ነበር።"

"ልጄን አውቃታለሁ" አለች ትዕግስት። "ወንድ ሲያናግራት ስሟ እንኳ ይጠፋታል።"

አቶ ምስጋናው አልሰሟትም። ገመዱን ከራውተሩ ነቀሉት።

"አባባ፣ ዓርብ የምልከው ወረቀት አለብኝ!" አለች ኤሌኒ እንባ እየተናነቃት። "ካልላክሁ ዓመቱን ልደግም ነው!"

"መጀመሪያ ልጁ ማን እንደሆነ ተናገሪ። አለዚያ ሳንጃ አክስትሽ ዘንድ ነሽ፤ ትምህርቱም ይቀራል።"

ኤሌኒ አፏን ከፈተች። አያቷን አየችና መልሳ ዘጋችው።

ማታ እማማ እራት አልበላም አሉ።

"ጾም ነኝ።"

"በሃምሳ ምን ጾም አለ፣ እናቴ?"

"የግሌ ነው።"

አቶ ምስጋናው እናታቸው ለልጅ ልጃቸው ሲሉ በረሃብ ሲቀጡ ማየት አልቻሉም። ጠዋት ገመዱን መልሰው ሰኩት። እማማ ያን ጊዜ ቁርስ በሉና፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ልጃቸውን ጠሩት።

"ሽማግሌ የመጣ እንደሁ እሺ በል። እንዳታዋርደኝ።"

አቶ ምስጋናው ወዲያው ወንዴን አሰቡ። ነገሩ እዚህ ደርሷል ለካ!

"ሽማግሌ የሚልክ ሰው ጨዋ ነው" አሉ እማማ። "በጊዮርጊስ ማልልኝ።"

ማሉ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። አቶ ምስጋናው ኤሌኒን ወጥ ቤት ግቢ አሏት። እንግዶቹን "ተቀመጡ" ቢሉ እንቢ አሉ።

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ መሪያቸው፣ አያ ስማቸው የሚባሉት። "ከዚህ ቤት ለትዳር ልንለምን ነው የመጣነው። የእኛ ሰው መሬት አለው፣ ከብት አለው፣ ጠጥቶ አያውቅም።"

ወንዴ ከብት አለው? አቶ ምስጋናው ትንሽ ደስ አላቸው።

"ሁለቱም በስልክ ሲተያዩ ከርመው ተስማምተዋል" አሉ አያ ስማቸው። "የቀረው የእርስዎ ቃል ነው።"

"መተያየቱንስ ሰምቻለሁ።" አቶ ምስጋናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በበሩ ስንጥቅ የኤሌኒን ዓይን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከእኔ መደበቁ ከፍቶኛል። ግን ምያለሁ፤ ፈቅጃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዋን ሳትጨርስ ከዚህ ቤት እንዳትወጣብኝ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው አጎንብሰው ለሌላኛው አንሾካሾኩ። በመጨረሻ አያ ስማቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ምን ገዶን፤ እናትዎ በዚህ ዕድሜያቸው ዩኒቨርሲቲ ካሻቸው፣ የእኛ ሰው አያ አድማሴ ይጠብቃል።"