ምራቅ በነጭ ጣሳ

«ክፈት» አልኩት። «ምላስህንም አንሳ።»

ልጄ ጋቢያ አፉን ከፈተ። ሁለት ክኒን በጉንጩና በድዱ መሃል ወሽቋል። በጣቴ አውጥቼ መዳፉ ላይ መለስኩለት። አልጮህኩም፤ ትናንት ጮኼ ምንም አላመጣሁም።

በረንዳው ላይ ነን። ባሕሩ ሞልቶ ከወለሉ ስር ቋሚዎቹን ይመታል። እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ እኔ በሽታው እንዳይጋባብኝ መልሼ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ባለፈው ዓመት ተሻለኝ ብሎ ክኒኑን ተወና ዓሣ ለማጥመድ ማዶ ወዳለው ወንዝ ወጣ። ሲመለስ ቲቢው መድኃኒቱን ለምዶታል። ይሄኛው ካልያዘለት ሌላ የለም፤ እዚህ ዳሩ በምትባለው ደሴታችን ላይ እንደዚያ ሆነው የሞቱትን በስም እቆጥራለሁ። የክሊኒኩ ነርስ ለሌላው በሽተኛ ክኒን አስዋጭ የምትመርጠው ከጎረቤት ነው። ለሱ ግን እኔኑ አለች፣ አንቺን የሚያታልል አልተወለደም ብላ።

ያቅለሸልሸኛል አለ። ቆዳዬን እንደ ከሰል አጠቆረው፣ ሴቶቹም ሸሹኝ አለ። ድሮም አይቀርቡህም ነበር አልኩት። ፈገግ ሊል ነበር፣ ተወው።

«እውጠዋለሁ። መጀመሪያ አንቺ ተጉመጥመጪና ይሄ ነጭ ጣሳ ውስጥ ትፊ።»

አፍ የሚያቀላውን የቡዋይ ፍሬ ማኘኬን አቆምኩ። ቡዋይ ያኘከ ሰው ቀይ ነው የሚተፋው፣ ምኑን ልታይ ነው አልኩት።

«ለዚያ እኮ ነው ተጉመጥመጪ ያልኩሽ፣ እማዬ። ከፋሲካ ጀምሮ ጓሮ እየሄድሽ ነው የምትስዪው። ቡዋዩም ካፍሽ አይወጣም።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። መዳፉ ላይ ክኒኖቹ በላቡ መርጠብ ጀምረዋል። እልኩን ከኔ ነው የወረሰው፤ እስኪመሽ እንደዚያው ይዟቸው ይቀመጣል።

ቡዋዩን ባሕሩ ውስጥ ተፋሁት። ለክኒኑ መዋጫ ባመጣሁት ውሃ ተጉመጥምጬ ነጩ ጣሳ ውስጥ ተፋሁ። ቀይ ወጣ፤ ደፋሁት። ደገምኩ፤ ፈዘዝ አለ። በሦስተኛው ንጹሕ ውሃ ሆነ። ይኸው ብዬ አሳየሁትና ደፋሁት።

«አሁን ሳዪ» አለኝ።

ልስል አላሰብኩም። ሳሉ ግን ራሱ መጣና አጎበጠኝ። ተፋሁ። ጣሳውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረግኩት።

ነጩ ላይ ቀይ ክር።

ጣሳውን ደረቴ ላይ ደበቅኩና «ዋጥ» አልኩት።

ጣሳውን አሳዪኝ አላለም። ፊቴን አየ። ክኒኖቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው፣ ሳልጠይቀው አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ጫፍ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።